ሀብታሙ ፉገር እና 500 ዓመት ያስቆጠረው የኪራይ መንደር

ዛሬ ታሪኩን የምናወራላችሁ ሰው የአዊ ሰው አይደለም፣ ኢትዮጵያዊም አይደለም። ከሞተ 500 ዓመት ሆኖታል። ግን በሕይወቱ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ እንጅባራና ዳንግላ ላይ በየቀኑ ከምናየው ችግር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ስለዚህ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

ጉዳዩ የቤት ኪራይ ነው። በተለይ ደግሞ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን፣ አቅም የደከማቸው አዛውንት የቤት ኪራይ።

በከተሞቻችን ሁለት ዓይነት ተከራይ አዛውንት አሉ። አንደኛዎቹ የቀበሌ ቤት ያላቸው ናቸው። በ1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። እዚያ የገባ ሰው ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ጎረቤቱ የቆየ ነው፣ እድሩ ደጁ ላይ ነው። ጣሪያው ግን ያፈሳል፣ ግድግዳው ዘሟል፣ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። ማን ያድሰው ሲባል ቀበሌው ተከራዩን ያያል፣ ተከራዩ ቀበሌውን ያያል።

ሁለተኛዎቹ ከግለሰብ የተከራዩት ናቸው። ቤቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ዋጋ በተጨመረ ቁጥር ግን ዕቃ ይሸከፋል። አዛውንት ሰው ሰፈር ሲለቅ ደግሞ ቤት ብቻ አይደለም የሚለቀው። እድሩን፣ ሰንበቴውን፣ ቡና የምትጠራውን ጎረቤት፣ ሌሊት አሞት ግድግዳ ቢመታ የሚሰማውን ሰው ነው የሚለቀው። በ70 ዓመት እነዚህን እንደገና መጀመር ቀላል አይደለም።

እነዚህን ሁለት ችግሮች በአንድ ላይ ያየና መላ ያበጀ አንድ ነጋዴ ነበር። ስሙ ያኮብ ፉገር ይባላል። በዘመኑ ሰዎች ሀብታሙ ብለው ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም ካላልን በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሸማኔ ቤት

የፉገር ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው ከክር ነው። አያቱ ሃንስ ፉገር ግራበን ከምትባል የገጠር መንደር ተነስቶ በ1367 ደቡብ ጀርመን ወደምትገኘው አውግስቡርግ ከተማ የገባ ሸማኔ ነበር። ሸማኔነት በእኛ አገር ለረጅም ዘመን የተናቀ ሙያ ሆኖ ኖሯል፤ ያለበሰንን ሰው ስናማ ኖረናል። አውግስቡርግ ላይ ግን ሸማኔዎች ጠንካራ ማኅበር ነበራቸው፣ በከተማው አስተዳደርም ድምፅ ነበራቸው። ሃንስ ሸምኖ ብቻ አልቀረም። የሌላውንም ጨርቅ እየገዛ መነገድ ጀመረ፣ ልጆቹም በዚያው ገፉበት።

የልጅ ልጁ ያኮብ የተወለደው በማርች 6 ቀን 1459 ነው። ከአሥራ አንድ ልጆች አሥረኛው ነበር። አባቱ በ1469 ሲሞት ያኮብ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ያኔ ቤቱ እንዳይበተን ያደረገችው እናቱ ባርባራ ናት። ሌላ ባል ሳታገባ የቤተሰቡን ሀብት ይዛ፣ ልጆቿ እስኪደርሱ አቆየችው። በባሏ ስም የሚታወቅ ቤት በሚስቲቱ ትከሻ ሲቆም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ቤተሰቡ ትንሹን ያኮብን ለቤተ ክህነት አስቦት ነበር ይባላል። ግን በ14 ዓመቱ ገደማ ቬኒስ ነው የምናገኘው። ያን ጊዜ ቬኒስ የዓለም ገበያ ነበረች። ከህንድ የተነሳው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል በእኛው ቀይ ባሕር አልፎ፣ በግብፅ በኩል ተሻግሮ እዚያ ይራገፍ ነበር። ጀርመን ነጋዴዎች የሚያርፉበትና የሚነግዱበት ትልቅ ቤት ነበራቸው። ወጣቱ ያኮብ እዚያ የተማረው ዋና ነገር የሒሳብ አያያዝ ነው። የገባውን በአንድ በኩል፣ የወጣውን በሌላ በኩል መዝግቦ ሁለቱን የማመሳከር ዘዴ ለጀርመኖች ገና አዲስ ነበር። በኋላ ንግዱ በብዙ አገር ሲሰፋ የትኛው ቅርንጫፍ ምን እንዳተረፈ አውግስቡርግ ቁጭ ብሎ ያውቅ የነበረው በዚህ ነው።

ብርና መዳብ

ጨርቅ ነግዶ ሀብታም መሆን ይቻላል። የአውሮፓ ቁንጮ ሀብታም መሆን ግን አይቻልም። ፉገርን ወደ ላይ ያወጣው ማዕድን ነው።

የቲሮል ገዢ የነበረው መስፍን ሲግስሙንድ ተራሮቹ በብር የተሞሉ፣ ኪሱ ግን ሁሌም ባዶ የሆነ ሰው ነበር። ፉገር ገንዘብ ያበድረዋል። መስፍኑ በለውጡ ከማዕድኑ የሚወጣውን ብር ከገበያ ባነሰ ዋጋ ለፉገር ያስረክባል። ነገሩ እህሉ ገና ማሳ ላይ እያለ ለተቸገረ ገበሬ ገንዘብ ሰጥቶ ምርቱን በርካሽ እንደሚወስድ ነጋዴ ነው። ልዩነቱ ይኸኛው ገበሬ መስፍን መሆኑ ነው። በ1490 ሲግስሙንድ ግዛቱን ለዘመዱ ለማክሲሚሊያን ሲለቅ ፉገር አዲሱንም ገዢ ባለዕዳ አደረገው። ማክሲሚሊያን በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ዕዳውም አብሮት አደገ።

ከ1494 ጀምሮ ደግሞ ቱርዞ ከሚባል የማዕድን ባለሙያ ቤተሰብ ጋር ተሻርኮ በያኔው የሃንጋሪ ግዛት የመዳብ ማዕድን ያዘ። በ1505 የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ህንድ ሲጓዙ ገንዘብ ካስገቡት ጀርመን ነጋዴዎች አንዱ የእርሱ ቤት ነበር። ፖርቱጋሎች በዚያው የባሕር መንገድ ነው በ1520 ምጽዋ ደርሰው መልእክተኞቻቸውን ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የላኩት። ፉገር አውግስቡርግ ላይ ደብተሩን ሲያገላብጥ እኛ ዘንድ ዙፋን ላይ የነበሩት ልብነ ድንግል ናቸው።

በ1498 ሲቢላ አርትስት የምትባል የከተማውን ባላባት ልጅ አገባ። እርሱ ወደ 40 እየተጠጋ ነበር፣ እርሷ ደግሞ ገና ወጣት። ልጅ አልወለዱም። ታላላቅ ወንድሞቹ ጌኦርግ በ1506፣ ኡልሪሽ በ1510 ሲሞቱ ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ በእጁ ገባ። በ1511 መኳንንት ተባለ፣ በ1514 ደግሞ የካውንት (ግራፍ) ማዕረግ አገኘ። የሸማኔ የልጅ ልጅ!

ንጉሥ የሚያነግሥ ገንዘብ፣ ከነነቀፌታው

በ1519 ማክሲሚሊያን ሞተ። ተተኪውን የሚመርጡት ሰባት መሳፍንት ናቸው፣ ድምፃቸውም በገንዘብ ነው። የማክሲሚሊያን የልጅ ልጅ ካርል ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ተፎካከረ። ለምርጫው በድምሩ 851,918 ጉልደን ወጣ። ጉልደን የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ ነው። ከዚህ ውስጥ 543,585ቱን ያቀረበው ፉገር ነበር። ካርል ተመረጠ፣ ካርል አምስተኛ ተባለ። ብድሩ ሲዘገይ ፉገር በ1523 ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ጽፎ ያለ እርሱ ገንዘብ ዘውዱን እንደማያገኝ በግልጽ አስታወሰው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፉገርን ጻድቅ አድርገን ልንስልላችሁ አይደለም የመጣነው። በዘመኑ እንደ እርሱ የተረገመ ነጋዴ ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን አራጣን ትከለክል ነበር። እርሱ ግን በ1515 ዮሐን ኤክ የተባለ የነገረ መለኮት ሊቅ ቦሎኛ ሄዶ አምስት በመቶ ወለድ ኃጢአት እንዳልሆነ እንዲከራከር ወጪውን ሸፈነ። የብራንደንቡርጉ አልብሬሽት የማይንስ ሊቀ ጳጳስነትን ለማግኘት ገንዘብ የተበደረው ከእርሱ ነው። ዕዳው የሚከፈለው ከሕዝብ ከሚሰበሰብ የኃጢአት ማስተሰረያ ወረቀት ሽያጭ ነበር፤ ግማሹ ገቢ ለፉገር ቤት ይሄድ ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 ተነስቶ የተቃወመው ይህንን ሽያጭ ነው። በ1525 ጀርመን ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ሲነሱ፣ አመፁን ላደቀቀው የመሳፍንት ጦር ገንዘብ ካቀረቡት ውስጥም ፉገር አለበት።

ይኼ ሁሉ እውነት ነው። የሚገርመው ግን ንጉሥ ያነገሠበት ገንዘብ ዛሬ ዱካው ጠፍቷል። የዚያን ሽርፍራፊ ያወጣበት ሥራ ነው ዛሬም በር የሚከፍተውና የሚዘጋው።

መንደሩ

ፉገር በ1514 አውግስቡርግ ዳር፣ ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር መሬት መግዛት ጀመረ። ግንባታው በ1516 ተጀምሮ በ1523 ሲያልቅ 52 ቤቶች ቆመው ነበር። መተዳደሪያ ሰነዱን የፈረመው በኦገስት 23 ቀን 1521 ነው። ሰነዱ ላይ የራሱን ስም ብቻ አላሰፈረም፣ የሞቱትን የሁለቱን ወንድሞቹንም ስም አስገባ። መንደሩ በቤተሰቡ ስም ፉገራይ ተባለ። እስካሁን ሰው ከሚኖርባቸው የድሆች የኪራይ መንደሮች ሁሉ በዓለም አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል።

በዚያ ዘመን ለድሃ የሚሠራ ቤት ማለት ብዙ ሰው ባንድ አዳራሽ ተደርድሮ የሚተኛበት ነበር። የፉገር ግን የተለየ ነው። እያንዳንዱ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ለሁለት አባወራ ተከፈለ፤ አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ። ሁለቱም ከመንገድ የሚገቡበት የየራሳቸው በር አላቸው። የላይኛው የታችኛውን ሰው ሳሎን አያቋርጥም። ማድቤት፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት አለ። የታችኛው ትንሽ ጓሮም ደርሶታል። ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ዛሬ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት አልጋውና ምድጃው ተፋጠው የሚውሉበት አይደለም።

አንዲት ትንሽ ነገር እንጨምር። ቤቶቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ በድሮው ጊዜ ደግሞ የመንገድ መብራት አልነበረም። ስለዚህ የየበሩ የደወል መሳቢያ በተለያየ ቅርፅ ተሠራ። አንዱ የቅጠል፣ አንዱ የጥድ ፍሬ ቅርፅ አለው። በጨለማ የሚመጣ ሰው በእጁ ዳስሶ የራሱን በር ያውቃል። ዓይኑ ለደከመ አዛውንት ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

መንደሩ ዙሪያው የታጠረ ነው፣ የራሱ መንገዶችና በሮች አሉት። በሮቹ እስከ ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ የሚያመሽ ሰው በአንዱ በር፣ ዘበኛውን ጠርቶ ይገባል። እስከ እኩለ ሌሊት ከሆነ 50 ሳንቲም፣ ካለፈ አንድ ዩሮ ይከፍላል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተራ እየገቡ የሚሠሩት ሥራ አለ፤ የሌሊት ጥበቃና የአትክልት ሥራ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ጥበቃው ከውጭ የመጣ ባይተዋር ሳይሆን የሚያውቁት ጎረቤት ነው ማለት ነው።

አንድ ጉልደን፣ ሦስት ጸሎት

ኪራዩ ስንት ነው? በዓመት አንድ ጉልደን ነበር። ዛሬም ያው ነው፤ በአሁኑ ገንዘብ ሲመነዘር 88 የዩሮ ሳንቲም ነው። አዎ፣ የዓመት! አንድ ዩሮ አይሞላም። እንግዲህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያመሸ ሰው የሚከፍለው ከዓመት ኪራዩ ይበልጣል ማለት ነው። የመብራትና የማሞቂያ ወጪያቸውን ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይሸፍናሉ።

ታዲያ ይችን ያህል ከሆነ በነጻ ለምን አልሰጠም? መንደሩ የተሠራው ለለማኝ አልነበረም። ሠርቶ አዳሪ ሆኖ ሕመም፣ ዕዳ ወይም ክፉ ጊዜ ለጣለው የከተማው ሰው ነው። እዚያ የገባ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችላል፣ ሲያገግም ይወጣል። ኪራይ የከፈለ ሰው ደግሞ ተከራይ ነው። ትንሽም ብትሆን ከፍሏል፣ አንገቱን አይደፋም። ጣሪያው ሲያፈስ አፍስሷል ብሎ የመናገር መብት አለው።

ሌላው ክፍያ ጸሎት ነው። ነዋሪው በየቀኑ ለመሥራቹና ለቤተሰቡ ነፍስ ሦስት ጸሎት ያደርሳል። ይኼ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ፉገር ልጅ አልነበረውም፣ ነቀፌታው ደግሞ ብዙ ነበር። በእኛ አነጋገር ተዝካሩን በየቀኑ የሚያወጣለት መንደር ተከለ።

ድክመቱንም እንናገር። ለመግባት ካቶሊክ መሆን ግድ ነው፣ ዛሬም ድረስ። እንደ እኛ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ባንድ ግቢ ተከራይቶ በሚኖርበት ከተማ ይኼ የሚወሰድ ትምህርት አይደለም።

ከእርሱ በኋላ

ያኮብ ፉገር በዲሴምበር 30 ቀን 1525 በ66 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ራሱ ወንድሞቹን አስቦ ባሠራው በቅድስት አና ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ነው። ባለቤቱ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ባል አገባች። ሀብቱን የወንድሙ ልጅ አንቶን ተረከበ። በ1527 ሒሳቡ ሲዘጋ ከዕዳ የጠራው ሀብት ከሁለት ሚሊዮን ጉልደን በላይ ሆኖ ተገኘ።

ንግዱ ከትውልድ በኋላ ተዳከመ፣ ነገሥታቱ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። መንደሩ ግን ቀጠለ። በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ የስዊድን ወታደሮች ገብተው ነዋሪዎቹ ተባረዋል፣ በኋላ ታድሶ ሰው ተመለሰበት። ከ1681 እስከ 1694 ፍራንስ ሞዛርት የሚባል ግንበኛ ኖሮበታል፤ የዓለም ታላቅ የሙዚቃ ሰው የሚባለው የሞዛርት ቅድመ አያት ነው። በፌብሩዋሪ 1944 በአንድ ሌሊት የአየር ድብደባ አብዛኛው መንደር ፈረሰ። ነዋሪዎቹን ያተረፋቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ከምድር በታች የተሠራላቸው መጠለያ ነው። ቤተሰቡ በቀናት ውስጥ መልሶ ለመሥራት ወሰነ። ዛሬ 67 ቤቶች አሉት፣ 150 ያህል ሰው ይኖርበታል። መጀመሪያ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይበዙበት ነበር፣ ዛሬ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። በዓመት 88 ሳንቲም እየተሰበሰበ የማን ጣሪያ ይታደሳል? መልሱ ደን ነው። ፉገር ቤት ሠርቶ ቁልፍ አስረክቦ አልሄደም። ለመንደሩ ማደሻ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ አስቀመጠ፣ የሚያስተዳድሩትንም ሰዎች ሥርዓት ሰጣቸው። ያ ሀብት ከጊዜ በኋላ ወደ ደን ተቀየረ። አሁን ድርጅቱ ወደ 3,200 ሄክታር ደን አለው። እንጨቱ ይሸጣል፣ ይተካል፣ ቤቱ ይታደሳል። ከጎብኚ የሚገኘው የመግቢያ ክፍያም ይታከልበታል።

ወደ አዊ ስንመለስ

ደን ሲባል አዊ ሰው ጆሮው መቆም አለበት። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ቤት እንደሠራ፣ ልጅ እንዳስተማረ ሁላችንም እናውቃለን። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ቢያስደነግጥም፣ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ገንዘብ እንደሚሆን ለእኛ ማንም ፈረንጅ ማስተማር አያስፈልገውም። አንድ እድር ወይም አንድ ከተማ አስተዳደር የተወሰነ መሬት ለዚህ ብቻ ቢይዝና ሽያጩ የአዛውንት ቤቶችን ጣሪያና ሽንት ቤት ማደሻ እንዲሆን በሰነድ ቢያስር፣ የሚያስፈልገው ፉገርን የመሰለ ሀብታም አይደለም።

ማኅበርም ቢሆን አላጣንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ ሲጋልብ የምናየው በዓል ከጀርባው በሀዘንም በደስታም የሚረዳዳ ሰው አለ። እድሮቻችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ወንበር ለማቅረብ፣ ንፍሮ ለመቀቀል ሰዓት አይፈጅባቸውም። የጎደለው ይኼ ሁሉ ጉልበት ሰውዬው በሕይወት እያለ ጣሪያው ላይ አለመድረሱ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪም በሥርዓት እንዲሆን ይላል። ለወጣት ተከራይ ሁለት ዓመት ጥሩ ነው። የ75 ዓመት እናት ግን በየሁለት ዓመቱ አዲስ እድር አትገባም። ለአዛውንት የተለየ ነገር ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

ደኅንነቱን በሚመለከት ከፉገር መንደር አራት ነገር ወስደን ወደ እኛው ግቢዎች ማምጣት ይቻላል። ትልቅ በጀት የሚፈልጉ አይደሉም።

አንደኛ፣ የራስ በር። አዛውንት ተከራይ የሌላ ሰው ክፍል ሳያቋርጡ፣ ደረጃ ሳይወጡ የሚገቡበት በር ይኑራቸው። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ያለው መንገድ ጭቃ እንዳይሆን ጠጠር ይፍሰስበት፣ መያዣ እንጨትም ይተከልበት። በክረምት እንጅባራ ላይ የአዛውንት ዳሌ የሚሰበረው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አየር። እንጅባራ ብርድ ናት። ብርዱን ለማብረድ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ደግሞ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም መርዝ ነው። የከሰል አገር ሰዎች ነንና ይህን ከእኛ በላይ የሚናገር ሊኖር አይገባም። ማታ ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። አከራይ ከሆናችሁ መስኮት የሌለውን ክፍል ለአዛውንት አታከራዩ።

ሦስተኛ፣ ሌሊት የሚሰማ ሰው። ያለንበትን ጊዜ ታውቁታላችሁ፤ ከመሸ በኋላ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ጭንቅ ሆኗል። ብቻቸውን የሚኖሩ እማማና አባባ ሲያማቸው የሚያንኳኩበት በር የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይታወቅ። ማታ ማታ በራቸውን ዘግተው እንደሆነ፣ ጠዋት ደግሞ ከፍተው እንደሆነ የሚያይ አንድ ጎረቤት በተራ ይመደብ። እድሩ በአንድ ስብሰባ ሊጨርሰው የሚችል ነገር ነው።

አራተኛ፣ የማደሻ ገንዘብ። ቤት ሠርቶ ማስመረቅ፣ ሪባን መቁረጥና ፎቶ መነሳት እናውቅበታለን። ከአሥር ዓመት በኋላ ቆርቆሮው ሲዝግ ማን ይቀይረዋል የሚለው ግን ከመሠረቱ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። በበጎ ፈቃድ ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ የሚደነቅ ነው። በጎ ፈቃዱ የቀረ ዓመት ግን ዝናቡ አይቀርም።

በእናንተ ሰፈር ኪራይ የሚያስጨንቃቸው አዛውንት እንዴት ነው የሚኖሩት? እድራችሁ ለሕያዋን አባላቱ ቤት ያደሰበት ጊዜ ካለ ጻፉልን፤ እንዴት እንደተሠራ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም ንገሩን፣ ሌላው እንዲማርበት። የሰዎቹን ስምና ቤታቸው ያለበትን ቦታ ግን አደራ እንዳትጽፉ።

ሰላም ሁኑ፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ!